ሱስን በሱስ?

በቀደም ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟች የሰፈራችን ሰው ነው፤ አረቄ ጎድቶታል። ዘመዶቹ ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን «ሱስን በሱስ መለወጥ ነው» ብለው ጣሉበት። አረቄውንም በአንድ ቀን አስተዉት። በሦስተኛው ቀን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ የሌለ ሰው አየ፣ አንዘፈዘፈው። «ሰይጣኑ እየለቀቀው ነው» ተባለ። የለቀቀችውስ ነፍሱ ናት።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬያለሁና ከወጋችን ልጀምር። በጨዋታችን ሰካራም መሳቂያ ነው፤ መጨረሻ ላይ «ልብ ገዛ» ይባልና ታሪኩ ይዘጋል። ልብ መግዛቱ ደግ ነው። ዳሩ ግን ለዓመታት አረቄ የለመደ አንጎል ድንገት ሲነጠቅ ሊገድል ይችላል። እንደ ዲያዜፓም ያለው መድኃኒት የሚታዘዘው ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን ሲዘወተር ሱስ ያስይዛል፤ ሐኪሙ በቀን ቆጥሮ የሚሰጠው ወዶ አይደለም። ናልትሬክሶን ደግሞ አያሰክርም፣ ሱስም አያስይዝ፤ አምሮቱን ያበርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለመጠጥ ሱስ ሕክምና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል።

«ጸበሉስ?» ትሉኝ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው የለ? ለአረቄ ሲሆን ምነው ከፋን? የስኳር በሽተኛን «ኢንሱሊን ሱስ ሆነብህ» የሚል ሰምታችኋል?

ከለቅሶው ስወጣ አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ለብርዱ» ብሎ መለኪያ ዘረጋልኝ። አረቄ ነበር።

ቸር ሰንብቱ።