ከምረቃው ማግስት

የመጽሐፍ ምረቃ ላይ እውነቱን አፍረጥርጦ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። መናገርም የለበትም። ሰው ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ «አፍንጫው ሰፋ» አይባልም፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል። ባለፈው ወር የንባብ ጓደኛችን የአጫጭር ልብ ወለድ መድበሏን ስታስመርቅ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ክራር ተመታ፣ ግጥም ተነበበ፣ መድረክ የወጣው ሁሉ «ለሥነ ጽሑፋችን ትልቅ አስተዋጽኦ» አለ። አንብቦት ይሁን ሳያነበው ከንግግሩ አይለይም ነበር። ሁለት ሁለት ቅጂ ገዛን፣ ፈረመችልን፣ ተለያየን።

ፍርዱ የተሰጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስድስታችን እንደ ወትሮው ቡና ከበን ስንቀመጥ ነው። እዚህ ቤት አንድ ሕግ አለን፤ «አሪፍ ነው» አስተያየት ሆኖ አይቆጠርም። ሰሞኑን ያነበበውን ይዞ የመጣ ሰው መሃሉን ገልጦ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነብልናል። ለምን መሃሉን? የመጀመሪያውን ምዕራፍ ደራሲ ሁሉ አሥር ጊዜ ያሸዋል። ገጽ 140 ላይ ሲደርስ ግን ደክሞታል። ጠባዩ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ጮክ ብሎ ማንበቡም ምክንያት አለው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ያልቻለበት ጸሐፊ «የ» በ«የ» ላይ እየደረበ አራት መስመር ሙሉ ያለ ግስ ያንከራትተናል። ዓይን ይህን ዘሎ ያልፋል፤ አፍ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ አጭር ዓረፍተ ነገር አይወዱም ነበር። ሆኖም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ጆሮውን ጥሎ ሰምቶታል። ሐረጎቹ የሚያርፉት ወግ አዋቂ ሽማግሌ ሲያወራ ፋታ በሚወስድበት ቦታ ነው፤ ርዝመታቸው አይታወቅም።

እኔ በግሌ ቶሎ የማየው ግን መጠሪያውን ነው። በንግግሩ ውስጥ ማን ማንን «አንተ» አለ? ማን «እርስዎ»፣ ማን «አንቱ»? ባልና ሚስት ተኳርፈው ሚስት ድንገት «እርስዎ ይብሉ» ብትለው ያቺ ቃል የአንድ ገጽ ጠብ ታክላለች። ይህን የሚያውቅ ደራሲ ሰው ሲያወራ ቁጭ ብሎ አዳምጧል ማለት ነው። ብዙ አዳዲስ ልብ ወለዶች ላይ ግን የመርካቶ ተሸካሚና የዩኒቨርሲቲ መምህር አንድ አፍ ነው ያላቸው። ወያላ «ከዚህ አኳያ» ሲል ካገኘሁት መጽሐፉን እዘጋለሁ።

የዕለቱ ንባብ ግን ልብ ወለድ ብቻ አልነበረም። ከመካከላችን አንዷ፣ ነርስ ናት፣ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «የሕይወቴ ታሪክ» ለሁለተኛ ጊዜ ጨርሳ መጥታለች። በልጅነታቸው አድዋ የዘመቱ፣ ሩሲያ የተማሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። የእሷ መለኪያ፣ «ግለ ታሪክ ጸሐፊው አንድ ቦታ እንኳ ራሱን ካላሳፈረ አላምነውም» የሚል ነው። ተስማምቻለሁ። በየምዕራፉ ትክክል የነበረ ሰው የጻፈው ግለ ታሪክ የሥራ ማመልከቻ ነው።

ሌላው የነቢይ መኮንንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ይዞ መጣ፤ ነቢይ ከማርጋሬት ሚሼል ልብ ወለድ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ የተረጎመው ነው። ትርጉም ስንመዝን የምንጠይቀው አጭር ነው፤ ሰዎቹ ሲቆጡ በአማርኛ ይቆጣሉ ወይ?

ከዚያ የጓደኛችን ተራ ደረሰ። እሷም አለች፣ እርሳስ ይዛ። ሦስተኛው ታሪክ ላይ አንዲት እናት የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ልትከፍል መስኮቱ ጋ ትቆማለች። የነጠላዋን ጫፍ ትፈታለች፤ ብሩ አራት ቦታ ታጥፏል። ገንዘብ ተቀባይዋ ትቆጥርና አንዱን ቀዳዳ ብር «ይሄ አይሠራም» ብላ ትመልስላታለች። እናትየዋ ተቀብላ መልሳ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥረዋለች። አለቀ።

ቤቱ ጸጥ አለ። የሂሳብ ሠራተኛው ጓደኛችን «ቋጠሮዋ ናት የገደለችኝ» አለ። ብሩ የማይሠራ መሆኑን እያወቀች አልጣለችውም፤ ስለ ድህነቷ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ለጀማሪ ብትሰጡት እዚህ ጋ እንባዋን እንደ ክረምት ጎርፍ ያወርደው ነበር። ጓደኛችን እየሳቀች «እኔም አውርጄው ነበር፤ ስድስት ገጽ ሙሉ። ቆርጬ ጣልኩት» አለችን። ያ የተጣለው ስድስት ገጽ ለእኔ ከታተመው ሁሉ ይበልጥ ደራሲነቷን ነገረኝ።

ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛው ታሪክ ሲያልቅ ደራሲዋ ብቅ ብላ ትመክረናለች። ስድስተኛው ላይ ገጸ ባህሪዋ ገጽ 71 ላይ አንድ ስም፣ ገጽ 74 ላይ ሌላ ስም አላት። የማተሚያ ቤቱም ሙጫ ደካማ ነው፤ የእኔ ቅጂ ከአሁኑ አራት ቅጠል ጥሏል። «ዓይን» እና «አይን» በአንድ ገጽ ሲገናኙ የማይከፋቸው አሉ፤ እኔ ይከፋኛል። አንዱን መርጦ መጽናት የአርታኢ ሥራ ነው፣ አርታኢ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ራሱ ከፍሎ የሚያሳትም ደራሲ መጀመሪያ የሚተወውም እሱኑ ነው።

ሌላም መለኪያ አለኝ፤ ያዋሰህ ሰው መጽሐፉ እንዲመለስለት ምን ያህል ይነዘንዝሃል? የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ማተሚያ ቤት ሳይገባ ስንት ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። የጓደኛችንን ሁለተኛ ቅጂ ለጎረቤቴ አውሻት ነበር፤ እሷ ደግሞ ለእህቷ አሳልፋዋለች። ሁለቴ ጠየቅኩ፣ አልተመለሰም።

ከዘጠኙ ታሪኮች አራቱን ደግሜ አነባቸዋለሁ፣ ሦስተኛውን ለልጄም አነብለታለሁ። ሁለተኛው መውጣት ነበረበት። ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ፤ በእርሳሷ ጽፋዋለች።