«አቅም» እና «ማፍሰስ»፦ ስለ አንድ የሬዲዮ ጥገና ትርጉም

የአማተር ሬዲዮ ማጉያ ጥገናን የሚመለከት አንድ የትርጉም ረቂቅ በቃላት ረገድ እንድንመረምረው በቅርቡ ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ የሚያተኩረው እየጋሉ የሚበላሹ ካፓሲተሮችን ስለ መለወጥ ነው። በምሳሌነት የሚወስደውም ሂትኪት ኤስቢ-220 የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው ተበታትኖ ይሸጥ የነበረውን ማጉያ ነው። ተርጓሚው የሙያው ሰው መሆናቸው ከየገጹ ይታያል። «ቮልት»ን፣ «ዳዮድ»ን፣ «ሬዚስተር»ን እንዳሉ መተዋቸውም ተገቢ ነው። ችግር የሚታየው ማንም ያውቃቸዋል ተብለው ያለ ማብራሪያ በታለፉት የአማርኛ ቃላት ላይ ነው።

«የጋለውን ካፓሲተር ከፍ ያለ አቅም ባለው ተካው» ይላል ረቂቁ። እኔ የቋንቋ ሰው ስለሆንሁ ዐረፍተ ነገሩ እንከን የሌለው መስሎኝ ነበር። ለአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ባነበው ግን ገና ሳልጨርስ «የምኑ አቅም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። በዚህ ማጉያ ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ስምንት ካፓሲተሮች በተከታታይ ተያይዘዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ 200 ማይክሮፋራድና 450 ቮልት የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል። ቮልቱ ከፍ ቢል ጉዳት የለውም። ማይክሮፋራዱ ያለ ልክ ከፍ ቢል ግን ማጉያው በሚበራበት ቅጽበት በዳዮዶቹ የሚያልፈው ኮረንቲ ይበዛል። ሦስተኛም አቅም አለ፤ ካፓሲተሩ ሳይግል ሊያስተላልፈው የሚችለው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። ስለ መጋል በሚናገር ጽሑፍ ዋነኛው ይኸው ሆኖ ሳለ፣ ረቂቁ ሦስቱንም በአንድ «አቅም» ጠቅልሏቸዋል። የእኛ ሐሳብ «አቅም» ለፋራድ ብቻ ተለይቶ እንዲቀር፣ ሌሎቹም «የቮልት ወሰን» እና «የኮረንቲ ወሰን» እንዲባሉ ነው።

ተለዋዋጩ ኮረንቲ በዳዮድ ከተቃና በኋላ የሚቀረው መወዛወዝ በረቂቁ «ሞገድ» ተብሏል። በሬዲዮ መጽሐፍ ውስጥ «ሞገድ» ሌላ ባለቤት ስላለው «ቅሪት ውዝዋዜ» ቢባል ይሻላል። እንዲሁም «ኮንደንሰር» እና «ካፓሲተር» እየተፈራረቁ ገብተዋል። የመጀመሪያው ስም ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1782 ከተጠቀመበት የጣሊያንኛ ቃል የሚዛመድ የቆየ መጠሪያ ነው፤ ሁለቱም አንድ ዕቃ ናቸው። ጀማሪ ግን ሁለት ዕቃ ሊፈልግ ይችላልና አንዱ ይበቃል። በመውጫው በኩል ያለው ድቡልቡል የሴራሚክ ካፓሲተር «የበር እጀታ ካፓሲተር» መባሉ ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። እንግሊዝኛው በዚህ ስም የጠራው ቅርጹን አይቶ ነው። የበር እጀታ ሲባል ኳስ የመሰለ ነገር ለማይታየው አንባቢ ግን ቃሉ ምንም አይሥልለትም።

ከሁሉ የሚያሰጋው «ማፍሰስ» ነው። «ካፓሲተሩን ከመንካትህ በፊት ጥቂት ጠብቀህ አፍስሰው» የሚለው ትእዛዝ በውስጡ የታመቀውን የኤሌክትሪክ ሙል ማስወገድን ለማመልከት የገባ ነው። ይሁን እንጂ የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር በእርግጥ ፈሳሽ በውስጡ ስላለው፣ አንባቢው ቆርቆሮውን ቀድዶ ፈሳሹን ማንጠፍጠፍ የታዘዘ ሊመስለው ይችላል። ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሬዚስተርም ቃል በቃል ተተርጉሞ «የሚደማ ሬዚስተር» ሆኗል። መፍትሔው ከራሱ ከባዕዱ ቃል ታሪክ ይገኛል፤ «ቻርጅ» የተባለው ቃል ጥንት በላቲን ጋሪ መጫን ማለት ነበር። የተጫነ ደግሞ በአማርኛ ይራገፋል። «ማራገፍ» እና «አራጋፊ ሬዚስተር» ብንል ግሡና ስሙ ይገጥማሉ፤ በቅሎ ያራገፈ ሁሉም ይረዳዋል።

«ጥቂት» የሚለውም ቃል ሊታለፍ አይገባም። ስምንቱ ካፓሲተሮች በ3000 ቮልት ሲሞሉ 112 ጁል ያህል ያምቃሉ፤ ይህም ሰውን ለመግደል ይበቃል። የጥንቶቹ አራጋፊዎች እያንዳንዳቸው 30 ሺህ ኦም ሲሆኑ 4.7 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣሉ፤ የስምንቱ ድምር ከ37 ዋት ያልፋል። ካፓሲተሮቹን ከአጠገባቸው ሆነው የሚያግሉት አንዱ ምክንያት እነርሱ ናቸው። ረቂቁ በ100 ሺህ ኦም እንዲለወጡ መምከሩ ስለዚህ መልካም ነው፤ ሙቀቱ ወደ 1.4 ዋት ይወርዳል። ዳሩ ግን ማራገፉ በዚያው ልክ ይዘገያል። በጥንቶቹ ከ30 ሴኮንድ በኋላ የሚቀረው 20 ቮልት ገደማ ነው፤ በአዲሶቹ ግን ከዚያው 30 ሴኮንድ በኋላ 670 ቮልት ያህል ይቀራል። አንዱ አራጋፊ ተቃጥሎ ተቆርጦ ከሆነማ የእርሱ ካፓሲተር ለብዙ ጊዜ ሙሉ እንደ ሆነ ሊቆይ ይችላል። ማጉያውን ለዓመታት ሲያራግፍ የኖረ ሰው በለመደው «ጥቂት» እጁን ይሰዳል፤ ተርጓሚው የለወጡት ሬዚስተር የቃሉን ትርጉም እንደ ለወጠው የሚነግረው የለም።

ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ተሰርዞ የሚከተለው እንዲተካ እናሳስባለን፦ «ገመዱን ከሶኬቱ ንቀል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጠብቅ። ከዚያም ለ3000 ቮልት በተሠራ መለኪያ እያንዳንዱን ካፓሲተር ለካ። ሙሉ ያልተራገፈውን በአራጋፊ ሬዚስተር አራግፈህ እንደ ገና ለካ። ሁሉም ዜሮ ሳያሳዩ እጅህን አታስገባ።»