ስለ ጃፓን ፉቶን የተጻፈውና የተዘለለው

ስለ ጃፓኖች የቤት ኑሮ በውጭ ቋንቋ የተጻፉትን መጻሕፍት የሚያነብ ሰው አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ያገኛል፤ ይኸውም ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ አልጋ ሳይሻ ወለል ላይ ፉቶን ዘርግቶ ይተኛል የሚለው ነው። ይህ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ዳሩ ግን ከሚነግረን ይልቅ የሚያስቀረው ይበልጣል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።)

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፉቶንን «ፍራሽ» ብለን ብንተረጕመው አንባቢውን እናሳስታለን። ፍራሽ ባለበት ውሎ ባለበት የሚያድር ነገር ነው፤ ፉቶን ግን ማታ ይነጠፋል፥ ጧት ይታጠፋል፥ ቀኑንም ኦሺይሬ በሚባል የግድግዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ይውላል። ደግሞም ከሥር የሚነጠፈው ሺኪቡቶን፥ ከላይ የሚለበሰው ካኬቡቶን ስለሚባል፥ አንዱ ስም ምንጣፉንም ልብሱንም ይይዛል። የሚዘረጋበትም ወለል ባዶ መሬት ሳይሆን ታታሚ ነው፤ ይህም ከተጠቀጠቀ የሩዝ ገለባ ተሠርቶ ቄጠማ በሚመስል ሣር የተሸፈነ ወፍራም ንጣፍ ነው። በአሜሪካ በዚሁ ስም የሚሸጠው፥ የእንጨት ክፈፍ ያለው መቀመጫ፥ ከስሙ በቀር ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ጥቂት ነው።

አሜሪካዊው የእንስሳት ሊቅ ኤድዋርድ ሞርስ በ1877 ወደ ጃፓን ሄዶ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1886 ስለ ጃፓን ቤቶች ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ትራሱን ሳይቀር በሥዕል ያሳየ ሰው ስለ ሆነ ዓይኑ የታመነ ነው። ነገር ግን የገለጸው በብዛት የመካከለኛ ኑሮ ቤቶችን ሲሆን፥ ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሓፊዎች ለአንድ ዘመንና ለአንድ ወገን የተነገረውን የሕዝቡ ሁሉ የዘለዓለም ልማድ አደረጉት። ኢዛቤላ በርድ ደግሞ በ1878 በሰሜን ጃፓን ስትጓዝ የራሷን ታጣፊ የሸራ አልጋ ይዛ ነበርና፥ ስለ አተኛኘቱ የምትመሰክረው ከሸራው ላይ ሆና ነው። ስለ ቍንጫው ግን ምስክርነቷ ሙሉ ነው።

ጥንታዊ ነው ስለ መባሉስ? ፉቶን የሚለው ስም በመጀመሪያ የዜን መነኮሳት በተመስጦ ጊዜ የሚቀመጡበት፥ ከረግረግ ሣር የተሠራ ክብ መቀመጫ ስም ነበር። ጥጥ በጃፓን መስፋፋት የያዘው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጥጥ የተሞላ ፉቶን ውድ ነበር። በኤዶ ዘመን (1603–1868) ዮሺዋራ በሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር፥ ሀብታም ወዳጅ ለዝነኛይቱ ሴት የሰጣት ተደራራቢ ፉቶን ለዕይታ ይደረደር ነበር፤ ለዕይታ የሚደረደርም ዕቃ በየቤቱ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ድኻው ገበሬ ገለባ ጐዝጕዞ፥ ከቃጫ የተሠራ ሻካራ ልብሱን ደርቦ ይተኛ ነበር። የጃፓንን የሕዝብ ባህል ጥናት የመሠረተው ያናጊታ ኩኒዮ በ1939 ባሳተመው፥ ከጥጥ በፊት ስለ ነበረው ኑሮ በሚናገረው መጽሐፉ፥ የጥጥ መምጣት የገላን ስሜት እንኳ እንደ ለወጠ ያስረዳል። በ1896 መንግሥት ከውጭ በሚገባው ጥሬ ጥጥ ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሣ፤ እንግዲህ የጥጥ ፉቶን በድኻ ቤት የተለመደው በባቡርና በፋብሪካ ዘመን ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ሥራው መዘለሉ ነው። ፉቶን የተኚውን ላብ ይጠጣል፤ ሳይነሣ ከከረመ ከሥሩ ይሻግታል። ስለዚህ በየጧቱ ይነሣል፥ ፀሓይ ሲወጣ ይሰጣል፥ ይመታል፥ ሳይመሽ ይሰበሰባል፤ ጥጡም ሲጠቀጠቅ ወጥቶ እንደ ገና ይነደፋል፤ ለዚህም ቀድሞ እንደ እኛ አገር ደጋን ይጠቀሙ ነበር። ሳይታጠፍ የሚከርመውን ምንጣፍ ማንኔንዶኮ፥ ማለት የዐሥር ሺህ ዓመት መኝታ፥ ይሉታል፤ ቃሉ ለሰነፍ የሚሰጥ ነቀፋ ነው። እኔም በዚያ አገር ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ስዘጋጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳላነሣው ብቀር፥ የቤቱ እመቤት አንድ ቃል ሳይናገሩ ገብተው መስኮቱን ከፈቱት። ያን ዕለት የተማርሁትን ከመጻሕፍቱ አላገኘሁትም ነበር። ይህ ሁሉ ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በሴቶች ጫንቃ ላይ ሲሆን፥ ጸሓፊዎቹ ግን ስለ ክፍሉ ባዶነትና ውበት ይናገራሉ፤ ባዶ ያደረገው ማን እንደ ሆነ አይጠይቁም።

አንዱ ክፍል ቀን ማዕድ ቤት፥ ሌሊት መኝታ መሆኑም እንደ ጥበብ ይወደሳል። ኒሺያማ ኡዞ የተባለው የመኖሪያ ቤት ተመራማሪ ግን በ1940ዎቹ መጀመሪያ፥ ተራው ሕዝብ በጠባብ ቤት እንኳ የሚበላበትንና የሚተኛበትን ለመለየት እንደሚጥር አሳየ። በ1951 የተነደፈው 51ሲ የተባለው የሕዝብ መኖሪያ ዕቅድ ወጥ ቤቱን ከመመገቢያው ጋር አጣምሮ መኝታውን የለየው በዚህ ሐሳብ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉን በጥበት ብቻ መተርጐምም አያስኬድም። ካውዲልና ፕላዝ በ1966 ባወጡት ጥናት በከተማ ቤተ ሰቦች ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ መርምረው፥ አብሮ መተኛቱ ከቦታ ማነስ ይልቅ ከቤተ ሰቡ ትስስር እንደሚመነጭ ደመደሙ። ልጅ በአባትና በእናት መካከል ሲተኛ ጃፓኖች «እንደ ወንዝ ፊደል» ይላሉ፤ ወንዝ የሚለው ፊደል ሦስት ቁም መሥመር፥ መካከለኛውም አጭር ነውና። ፉቶኖቹ ጐን ለጐን ሲነጠፉ ከፍታ የሌላቸው ስለ ሆነ፥ ሕፃኑ ሌሊት ወደ እናቱም ወደ አባቱም ቢንከባለል የሚወድቅበት ቦታ የለም።