የሻምባቱ ፉርን ዳቦ፣ ጠዋትና ማታ

ካርቱም አጠገብ ባለችው የሱዳን ከተማ በባሕሪ፣ ሰው ስለ ሰፈሩ ፉርን (ዳቦ መጋገሪያ) ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ሰልፉን ነው። ሰልፉ ከረዘመ ዳቦው ጥሩ ነው ማለት ነው። የባሕሪ ሰፈር በሆነው ሻምባት በኖርኩባቸው ዓመታት እኔም ፉርኔን የመረጥኩት በዚሁ መለኪያ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከበሩ የሚጀምረው ሰልፍ መንገዱን ይዞ ይጠማዘዛል። ወንዱ ጀለቢያውን እየሰበሰበ፣ ሴቷ ቶቧን እያስተካከለች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከእነሱ ውስጥ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ብዙ ነበሩ።

እየዋለ እያደረ ግን ሰልፉ ስለ ዳቦው ጥራት የሚነግረኝ ነገር እንደሌለ ገባኝ። በሱዳን የዳቦ ሰልፍ የራሱ ታሪክ አለው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. አትባራ ላይ ሕዝቡ አደባባይ የወጣው የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ፓውንድ ወደ 3 በመግባቱ ነበር። አራት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ የኦማር አልበሽር የ30 ዓመት አገዛዝ አበቃ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ደግሞ በምሥራቅ የፖርት ሱዳን ወደብ ሲዘጋ ካርቱም ውስጥ የዳቦ ሰልፍ እንደገና ተዘረጋ። ትልቁ የሲጋ ዱቄት ፋብሪካ እዚያው ባሕሪ ውስጥ ነበር፤ የሚፈጨው ስንዴ ግን በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነበር። ስለዚህ ሰው የሚሰለፈው ዱቄት በደረሰው ፉርን በር ላይ ነበር። አሥር ዳቦ አቅፎ የሚመለስ ሰው ዳቦውን የሚያመሰግነው ስላገኘው ነው፤ ማመስገኑም ተገቢ ነው። ሂስ ግን ሌላ መለኪያ ይፈልጋል።

የእኔ መለኪያ ዳቦው ራሱ ነው። መዳፍ የምታክል ክብ ዳቦ ናት፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና የፋብሪካ እርሾ ብቻ። ከምድጃው ስትወጣ ተነፍታ ኳስ ትመስላለች። ሲቆርሷት እንፋሎቷ ፊት ላይ ይመታል፤ ቅርፊቷ ቀጭን ነው፣ ውስጧ ባዶ ሊሆን ትንሽ የቀረው። ባዶነቷ ጉድለት ይመስላል እንጂ ለጠዋቱ ፉል የተሠራች ናት፤ በሰሊጥ ዘይት የራሰውን ባቄላ እንደ ማንኪያ ትዝቃለች፣ አትፈርስም። ጋጋሪው የሊጡን ድብልብል ጠፍጥፎ በረጅም የእንጨት መቅዘፊያ ወደ እሳቱ ሲገፋ፣ የበሰለውን ስቦ ሲያወጣ አንዴም ሲሳሳት አላየሁትም። በዚህች ሰዓት ዳቦዋን የሚነቅፍ ሰው ካለ አልተራበም።

አቀራረቡ ላይ ግን ቅሬታ ነበረኝ። ዳቦ የሚሸጠው በቁጥር እንጂ በሚዛን አልነበረም። ዱቄት በተወደደ ቁጥር ዋጋው እንዳለ ሆኖ ዳቦዋ ትቀንሳለች፤ ደንበኛው ይህን የሚያውቀው ፌስታሉ ሲቀልበት ነው። ትኩሱ ዳቦ የሚገባው ደግሞ እዚያው ፌስታል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቋጥሬ ስሄድ ከሴቶቹ ሰልፍ አንዲት የአገሬ ልጅ፣ «ወንድሜ፣ አትቋጥረው፤ ላቡ ያበላሸዋል» ብላ በእጇ የያዘችውን ነጠላ ጨርቅ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ይዤ ነበር የምሄደው። ፉርኑ ራሱ ይህን ለደንበኛው ሊነግር ይገባ ነበር።

ዋናው ጉድለት የሚታየው ማታ ነው። ጠዋት የተነፋችው ዳቦ ከቀትር በኋላ ትጨማደዳለች፣ ማታ እንደ ቆዳ ትጎተታለች፣ በማግስቱ ትሰነጠቃለች። የባሕሪ ሰው ለዚህ መላ አለው፤ ያደረውን ዳቦ ፈርፍሮ በፉል ውሃ ያርሰውና ሽንኩርት፣ አይብና የሰሊጥ ዘይት ጨምሮ ቡሽ ያደርገዋል። የእኛ ፍትፍት ዘመድ ነው፤ ተማሪ የሚያድግበት ምግብ ነው። ቡሽ ጣፋጭ መሆኑ ግን ዳቦው ማደር እንዳቃተው አይሸፍንም።

ደንበኞቹ ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ዱቄቱ ነው። ከውጭ የመጣ ነው፣ ተቀላቅሏል፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። እኔም አምኜ ነበር፤ የ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ረመዳን ውስጥ ነበር የዋለው። ቀዳም ስዑር ማታ ፉርኑ የማፍጠሪያውን ዳቦ ጋግሮ ሲጨርስና እሳቱ ሲበርድ፣ ሦስት የአገሬ ሴቶች በሙዝ ቅጠል የተሸፈኑ የድፎ ትሪዎች ይዘው መጡ። ኮባ ከየት ይመጣል! እርሾውን አርብ ማታ ጠንስሰው አሳድረውታል፣ ሊጡን ቅዳሜ አቡክተው በእርጥብ ጨርቅ አቆይተውታል። ባለፉርኑ ሽማግሌ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። እጃቸውን ወደ ምድጃው አፍ ሰደድ አድርገው ሙቀቱን ለኩ፣ ጥቂት ጠበቁ፣ ትሪዎቹን ከእሳቱ ራቅ አድርገው ከተቱ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የጥቁር አዝሙድና የቅጠል ሽታ ፉርኑን ሞላው። ሴቶቹ ከመጀመሪያው ድፎ ቆርሰው ለሽማግሌው ሰጧቸው፤ እሳቸውም ከረመዳኑ ተምር አውጥተው ዘገኑላቸው።

ያ ድፎ እስከ ማክሰኞ ልም ነበር። ዱቄቱ እዚያው ሰፈር የተገዛ ነው፣ ምድጃው አንድ ነው። እርግጥ ትልቅ ዳቦ ከትንሽ ዳቦ ይልቅ እርጥበት ይይዛል። ግን መጠኑ ብቻ አይደለም። የድፎው ሊጥ ያደረ እርሾ አግኝቷል፣ ጊዜ አግኝቷል። የየዕለቱ ሊጥ ግን በብዙ የፋብሪካ እርሾ ተገፍቶ፣ ኩፍ ብሎ ሳይጨርስ እሳት ይገባል፤ በር ላይ ሰልፉ ይጠብቃላ። የዳቦው ድካም ከጥድፊያ የመጣ ነው፤ ጥድፊያውን ያመጣው ደግሞ ያ የምናደንቀው ሰልፍ ነው።

ሁለተኛ ምስክር ካስፈለገ ኪስራ አለች። ሊጧን ማታ አቡክታ ጠዋት በምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ስስ አድርጋ የምትዘረጋ ሴት፣ ከፉርኑ በር ትንሽ ራቅ ብላ ትቀመጥ ነበር። የማሽላው ሊጥ እንደ ጤፉ ነው፤ ይጎመዝዛል፣ አዳሩን ያውቃል። ያቺ ሴት ዘንድ ሰልፍ አልነበረም። የጠዋት ኪስራዋ ግን ማታ ሙላህ የሚባለው ወጥ ሲፈስበት እንደለሰለሰ ነው። በሰፈሩ የእጅ ሙያ ደረጃ ይሰጥ ቢባል እኔ እሷን አስቀድማለሁ።

በዓመቱ ቀዳም ስዑር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ዋለ። በዚያ ጠዋት በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነቱ ተከፈተ። የባሕሪ የውሃ ማጣሪያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ አቆመ፤ ውሃ በሌለበት ሊጥ አይቦካም። ሠራዊቱ አብዛኛውን ባሕሪ መልሶ የያዘው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰዉ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው።

ባለፉርኑ ሐጅ ምድጃቸውን ዳግም ካነደዱ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ከማታው ሊጥ ጥቂት አስተርፈው ለነገው እርሾ ያቆዩልን። ሰልፉ እኛን ያስቸኩለን እንጂ ሊጡን አያስቸኩለው።