ጥንድ ስለት በምን ይመዘናል?

የጥንት የጃፓን ሳሙራይ ረጅምና አጭር ሰይፍ በአንድነት ይታጠቅ ነበር። የሁለቱም እጀታና አፎት በተመሳሳይ ጌጥ ይሠራል፤ ጥንዱም የአንድ ሰው ማዕረግ ምልክት ነበር። በ1868 ዓ.ም. በአደባባይ መታጠቁ በአዋጅ ተከለከለ።

ከአገራችን በባቡር ተጉዞ ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ የሚወርድ መንገደኛም አርማዋ ጥንድ ስለት ወዳለበት አገር ይገባል። በነጻነቷ ዓመት፣ በ1969 ዓ.ም. የወጣው ይህ አርማ በጋሻው ግራና ቀኝ ስለት የጨበጡ ሁለት እጆች አሉት፤ የአፋርና የኢሳ ምሳሌ ናቸው።

በእጅ ጥበብ የጃፓኑ ይልቃል፤ በሐሳብ ግን የጅቡቲውን እናስበልጣለን። የአንድ ሰው ጥንድ በጌጥ ይስማማል፤ ሁለት እጆች ግን በፍትሕ እንጂ በሥዕል አይስማሙም። በ1984 ዓ.ም. በመንግሥትና በአብዛኛው አፋር በሆኑ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ጦርነት ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ከስለቱ ውበት አልፈው የጨበጠውን እጅ እንዲመረምሩ እናስተምራቸው።