ድብርት፣ የአካል ብቃትና ዘር ውርስ በስኳር ሕመምተኞች፦ ጥናቶቹ ምን ያህል ያስረዳሉ?

የአካል እንቅስቃሴ የስኳር ሕመምተኛን ከድብርት ይጠብቃል ለሚለው አስተያየት በማስረጃነት ከሚቀርቡት አንዱ በአሜሪካ የተካሄደው «ሉክ አሄድ» የተሰኘ ጥናት ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመምና ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው 5,145 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ላይ የጠበቀ ክትትል፣ ሌሎቹ ትምህርትና ድጋፍ ብቻ አገኙ። የልብና የደም ሥር ሕመምን መቀነስ ባለመቻሉ ክትትሉ እ.ኤ.አ. በ2012 ተቋረጠ። በ2014 የታተመው ውጤት ግን የድብርት ምልክት አዲስ የመከሰቱ ዕድል በመጀመሪያው ወገን በ15 በመቶ ያህል ዝቅ ማለቱን ገልጿል።

የጥናቱ ስፋትና የክትትሉ ርዝመት የሚመሰገን ነው። ሆኖም ሦስት ነጥቦች ሊታለፉ አይገባም። አንደኛ፣ ወደ ጥናቱ ለመግባት በመሮጫ ማሽን ላይ መፈተንና ምግብንና እንቅስቃሴን ለሁለት ሳምንት በጽሑፍ መመዝገብ ግዴታ ነበር፤ ድብርት የተጫነው ሰው አስቀድሞ የሚያጣው ግን ይህንኑ ትጋት ነው። ሁለተኛ፣ ድብርቱ የተለካው በመጠይቅ እንጂ በሐኪም ምርመራ አልነበረም፤ ድካምና የእንቅልፍ መዛባት ደግሞ ከስኳር መጠን መጨመርም ይመጣሉ። ሦስተኛ፣ ክብደት መቀነሱ፣ የቡድን ስብሰባውና ምክሩ በአንድነት የተሰጡ በመሆናቸው ውጤቱን ለአካል ብቃት ብቻ መስጠት አይቻልም።

የዘር ውርስ ማስረጃም ጥንቃቄ ይሻል። በ1999 የታተመው የ«ሄሪቴጅ» ጥናት ጤናማ ነጭ ቤተሰቦችን ለ20 ሳምንታት አንድ ዓይነት ልምምድ ቢያሠራም የብቃታቸው መሻሻል እጅግ የተለያየ ነበር፤ ከልዩነቱ እስከ 47 በመቶ የሚሆነው በቤተሰብ የሚወረስ ሆኖ ተገኝቷል። በ2019 የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ የዘረ መል ጥናትም በመሣሪያ የተለካ እንቅስቃሴ ከድብርት እንደሚከላከል ሲያመለክት፣ ሰዎች በቃላቸው የተናገሩት እንቅስቃሴ ግን ይህን አላሳየም። ሁለቱም በስኳር ሕመምተኞች ላይ ያተኮሩ አይደሉም፤ እንቅስቃሴና የአካል ብቃትም አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ከእነዚህ ጥናቶች ተነሥቶ ያልተራመደውን ታካሚ ሰነፍ፣ ወይም በዘሩ የተፈረደበት ማለት ስሕተት ነው። እንቅስቃሴ ለስኳር ሕመም ያለው ጥቅም አያጠራጥርም። ነገር ግን ምክሩን ሳይፈጽም የተመለሰ ታካሚ ከመወቀሱ በፊት ስለ ኀዘኑ፣ ስለ ተስፋ መቁረጡ፣ ራሱን ለመጉዳት ስለማሰቡም ሊጠየቅ ይገባል። ድብርቱ ሳይታወቅ የሚታዘዝ የእግር ጉዞ፣ ለታካሚው ሌላ የመሸነፍ ምክንያት ሊሆን ይችላል።