ድምፅ የሰጠ ሸክሙንም ይካፈል
(ስለ ሶፍትዌር እትምና ስለ ድጋፍ ቃል የቀረበ ትችት)

ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ባለቤቱ ብዙ ነው። ባለቤቱ ብዙ የሆነ ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ያስነሣል፤ አዲሱን እትም «ይውጣ» የሚለው ማን ነው? ከወጣ በኋላስ የሚጠብቀው ማን ነው? ይህች አጭር ጽሑፍ የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን የድምፅ አሰጣጥ ደንብ ለመመርመር የታሰበች ናት። ደንቡ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ግን ከእትሙ ጋር ለድምፅ አያቀርበውም።

ነገሩ ለነቀምቴ ሩቅ አይደለም። የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለው ሥርዓት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲሆን፣ ዘወትር የሚቆመው ቶምካት በተባለው የአፓቼ ሶፍትዌር ላይ ነው። ስለዚህ የቶምካት ኮሚቴ የሚሰጠው ድምፅ ጊምቢና ደምቢዶሎ ድረስ ይዘልቃል።

ደንቡ እንዲህ ነው። አንድ እትም ይወጣ ዘንድ ቢያንስ ሦስት የኮሚቴ አባላት «አዎን» ማለት አለባቸው፤ የድጋፉም ድምፅ ከተቃውሞው መብለጥ ይገባዋል። ለድምፅ መስጫ በተለመደው አሠራር ቢያንስ 72 ሰዓት ይፈቀዳል። በኮድ ለውጥ ላይ አንድ አባል ምክንያቱን አስረድቶ ሊያግድ ሲችል፣ በእትም ላይ ግን ማንም ብቻውን ማገድ አይችልም። ከሁሉም የሚመሰገነው፣ «አዎን» የሚል አባል አስቀድሞ ኮዱን በራሱ መሣሪያ ላይ አውርዶ፣ አጠናቅሮና ፈትኖ መገኘት አለበት መባሉ ነው። ሳያዩ እጅ ማውጣት በዚህ ቤት አይፈቀድም።

ይሁን እንጂ ፈተናው የአንድ ቀን ነው፤ የተጠቃሚው ኑሮ ግን የዓመታት ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በቶምካት ውስጥ «ጎስትካት» የተባለ ጉድለት ተገለጠ፤ ይህም የውጭ ሰው በሰርቨሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች እንዲያነብ መንገድ ይከፍት ነበር። ለ7፣ ለ8.5 እና ለ9 እትሞች ማረሚያ ወጣ። ጉድለቱ በ6ኛውም ነበረ፤ ነገር ግን የ6ኛው ድጋፍ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2016 መጨረሻ ስላበቃ ማረሚያ አላገኘም።

በዚያው ወር በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ መቋረጡም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሦስት ወር ገደማ ቆይቷል። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። እንግዲህ በደምቢዶሎ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ቢኖር፣ እንኳን 72 ሰዓት 72 ቀንም አይበቃውም ነበር። ለእንዲህ ያለው አገር ከአዲስ እትም ይልቅ የሚጠቅመው አሮጌው እትም ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቁ ነው።

«ሠራተኞቹ በፈቃዳቸው የሚደክሙ ናቸው፤ ማን ሊያስገድዳቸው ይችላል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። የቶምካት ሰዎችም የድጋፉን ማብቂያ ቀን አስቀድመው ያስታውቃሉ፤ የ8.5 ድጋፍ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በመጋቢት 2024 መጨረሻ እንደሚያቆም ቀድሞ ተነግሮ ነበር። ነገር ግን ማብቂያውን ማስታወቅ ሌላ ነው፤ ገና ሲጀመር ቃል መግባት ሌላ ነው። በወለጋ ገጠር ደቦ የሚወጣውንም ማንም አያስገድደውም፤ ሆኖም የጎረቤቱን ጉልበት የተቀበለ ሰው ተራው ሲደርስ እንደሚሄድ ያውቃል። ስለዚህ በድምፅ መስጫው ላይ «ይውጣ ወይስ አይውጣ?» ከሚለው አጠገብ «እስከ መቼ ልትጠብቀው ፈቃደኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ ቢጨመር የሚበጅ ይመስለኛል። መልሱ አንድ ዓመት ብቻ ቢሆንም፣ ተጠቃሚው የሚደገፍበትን ያውቃል።

ወቀሳው ግን ለእኛም ይደርሳል። የሚጸናው የኮሚቴው ድምፅ ብቻ ቢሆንም፣ ማንም ሰው እትሙን ፈትኖ አሳቡን መስጠት ይችላል። በነቀምቴ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ተማሪዎቹ አዲሱን እትም በአሮጌ መሣሪያና በደካማ መስመር ላይ ፈትነው ውጤቱን ቢልኩ፣ ማረሚያውንም በዲስክ ቀድተው እስከ መንዲና ነጆ ቢያደርሱ፣ በኦስሎ ያለ ሰው ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ሌሎች ቃል እንዲገቡልን የምንጠይቅ ከሆነ፣ ከደቦው ለመውጣት እኛም አስቀድመን መነሣት ይገባናል።